ልኬን ያጣው እርሳስ

ሰው ውሃ ውስጥ ለመግባት ክብደት እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት ካርቱም ነው። ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ እዚያ መስጠም ማንም ሳያግዝህ የምትችለው ሥራ ነበር። ስለዚህ ሬይሱ የእርሳስ ቀበቶ ወገቤ ላይ ሲያስር «ይህ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው?» አልኩ በሆዴ። ሬይስ ሱዳኖች የጀልባ አለቃን የሚጠሩበት ስም ነው። የእኔው ሬይስ የጠላቂዎችም አለቃ ነበር፤ ከማንሺያ ድልድይ በታች፣ አባይ ዳር፣ ጀልባና የአየር መሙያ ሞተር ይዞ የሚሠራ፣ ሆዱም ምላሱም ወደፊት የወጣ ሰው።

ጊዜው አሮጌው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ገና መቀመጫውን ያላደላደለበት ነበር። ዳቦ በሰልፍ፣ ቤንዚን በሰልፍ፣ ፖለቲካውም በሰልፍ። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የዳር እርሻዎቹን ፓምፖች ከነቧንቧቸው ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ጎርፉ ሲጎድል ባለቤቶቹ ፓምፓቸውን ፍለጋ ወደ ሬይሱ መጡ። እሱ ደግሞ ጠላቂ አጥሮታል፤ አንደኛው ቆዳው ቆስሎ ወደ ቤተሰቡ ገብቷል። ውሃው ውስጥ ያልገባ ነገር አልነበረማ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱም፣ የሞተ አህያውም ሄዶ የገባው እዚያ ነው። ሬይሱ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ድራይ ሱት የገዛው ለዚህ ነበር።

ድራይ ሱት እንደ ድንኳን ሸራ የወፈረ ሙሉ ልብስ ነው። ቦቲው አብሮት የተሰፋ ነው፤ ዚፑ ጀርባ ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ ይሄዳል። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ቆዳን ጨምድዶ የሚይዝ ቀጭን ጎማ አለው፤ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ያ ጎማ ነው። ከውስጥ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ ቱታ ይለበሳል፣ የአባይ ውሃ በጥር ይቀዘቅዛልና። ሰውየው ደረቅ ገብቶ ደረቅ ይወጣል። ችግሩ ቱታው የያዘው አየር ሽቅብ መግፋቱ ነው፤ እርሳስ የሚታሰረውም አየሩን ለማሸነፍ ነው። እርሳሱ ካነሰ አትወርድም፣ ከበዛ ጭቃ ውስጥ ትተከላለህ። ሙያው ልኩን ማግኘት ነው።

እኔ የዚህ ሙያ ሰው አልነበርኩም። ዴም በሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ሲሚንቶ እየተሸከምኩ የምኖር መንገደኛ ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ የሚወራው ስለ ሊቢያ ብቻ ነው። ደላላው ጥምቀት እንዳለፈ መኪና ይነሳል ብሏል፤ የእኔም ስም ከሚሄዱት ጋር ነበር። ሪያድ ሰፈር ከሀብታሞች ግቢ ተቀጥራ የምትሠራ ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አትሂድ ብላ ለምና፣ አልቅሳ፣ ተራግማ አልሆን ሲላት አንድ ዓርብ ቁጭ አድርጋ ቁርጡን ጠየቀችኝ።

«ቋሚ ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ እሄዳለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

በዚያ ዘመን ለሐበሻ ቋሚ ሥራ የለም ብዬ ነው እንዲያ ያልኩት። እሷ ግን አፌን ይዛ ቀረች። የጎረቤቷ ዘበኛ የሬይሱ ዘመድ ኖሮ፣ «ወንድሜ ከውሃ ነው የተወለደ» ብላ አስነገረች። ሬይሱም «ይምጣና ልየው» አለ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ አልቀበልህም ሊለኝ ነው።

የሬይሱ ፈተና አንድ ነበር። ከመልህቅ ገመዱ መሃል ላይ ቀይ ጨርቅ አስሯል። የአየር ጠርሙሴ ሊያልቅ ሲል እዚያች ጨርቅ አጠገብ ገመዱን ሳልይዝ ቀጥ ብዬ እንድቆም ይፈልጋል፤ ሽቅብ ሳልል፣ ቁልቁል ሳልል። «በዚህ ወንዝ ውስጥ እጅህን እንኳ አታይም» አለኝ። «መቆም የማይችል ሰው ወይ ጀልባዬን በጭንቅላቱ ይመታታል፣ ወይ ጭቃ ይውጠዋል። ለእንደዚያ ዓይነቱ የፓምፕ መፍቻ አልሰጥም፣ ወላሂ።» መጨረሻ ላይ የፈለገበትም ምክንያት አለው። ጠርሙስ ሙሉ ሲሆን ከባድ ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ይቀልላል፣ ጠላቂውም አብሮት ይቀልላል። እርሳስ የሚለካው ሰው በሚቀልበት ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ረዳቶቹ አለበሱኝ። ስገባ እንደ ቡሽ ተንሳፈፍኩ። አንድ እርሳስ ጨመሩ፤ ምንም። ደግሞ ጨመሩ፤ ደረቴ ድረስ ገባሁ። ሌላ ሲጨምሩ ውሃው ዓይኔ ላይ ደረሰና ትንፋሼን ሳወጣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሬይሱ ከላይ «ታማም!»፣ ልክ ነው፣ ሲል ሰማሁት። እኔም ደስ አለኝ፤ ጨለማው ውስጥ ሆኜ «እቀራለሁ ማለት ነው» እያልኩ ገመዱን ይዤ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ከዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጠርሙሱ እያለቀ ሲሄድ መቅለል ሲገባኝ እየከበድኩ ሄድኩ። ጨርቋን አልፌ፣ ቁልቁል ወርጄ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ለመውጣት ደረቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ ልብሱ ውስጥ አየር ሞላሁ። አየሩም ተሰብስቦ ወደ እግሬ ሄደ። አባይ መሃል ላይ እግሬን ሽቅብ፣ ራሴን ቁልቁል አድርጌ ብቅ አልኩ። ዳር ላይ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያጨበጭቡ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ሬይሱ ከቀበቶው ላይ እርሳስ ቀነሰ። አሁን ደግሞ ገና ሲጀመር መውረድ አቃተኝ፤ ገመዱን እየሳብኩ እንደምንም ወረድኩ። መጨረሻ ላይ እንደገና ከበድኩ። ስወጣ ሬይሱ ወገቡን ይዞ ቆሞ አየኝ።

«ጠርሙስ ሲቀል ሰው ሁሉ ይቀልላል። አንተ ትከብዳለህ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ፣ ያ ሐበሺ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያ ሬይስ።»

«ትፈራለህ። ትንፋሽህን ትይዛለህ።»

ቆሽቴ አረረ። ባሕር የምፈራ ከሆነማ ሊቢያ ምን ልሠራ ነው የምሄደው ልለው ምንም አልቀረኝም። ቱታዬ ጀርባው ላይ ርሶ ነበር፤ ረዳቶቹ ላብ ነው አሉ። እኔም ላብ መሰለኝ። የካርቱም ፀሐይ በጥርም ቢሆን ያን ሁሉ ልብስ ለብሶ ለሚቆም ሰው አይራራም። ሬይሱ ልብሱን ጠርጥሮ ራሱ ለብሶት ገባ። ለራሱ የሚሆነውን እርሳስ አስሮ፣ ጨርቋ አጠገብ እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ልብሱ ደህና ነው ማለት ነው። ጉድለቱ ያለው እኔ ላይ ነው።

«ለኸሚስ ና» አለኝ። «የመጨረሻ ነው። ካልሆነ ከፖርት ሱዳን ሰው አስመጣለሁ።»

ማታ እህቴ ደወለች። እንዴት ሆነ ስትለኝ ውሃው እምቢ አለኝ አልኳት። እንደ ልማዷ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። «ይሁን» ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋችው። አጠገቤ የክፍሌ ልጆች ለበረሃ የሚሆን ጀሪካን በጨርቅ ይሰፉ ነበር። ፀሐይ ላይ ውሃው እንዳይግል ነው። አንደኛው ያንተን እኔ እሰፋልሃለሁ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሊቢያ መሄድ አልፈልግም ነበር። የሄዱትን ሰዎች ድምፅ በስልክ ሰምቻለሁ። ግን ወንድ ልጅ ፈራሁ ብሎ አይቀርም፤ ሥራ አገኘሁ ብሎ ነው የሚቀረው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ኸሚስ ሐሙስ ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ስወጣ ከተማው ተዘግቷል። ሰልፍ ተጠርቶ ኖሮ ሃፍላው፣ ያ የከተማ ሚኒባስ፣ አልወጣም፤ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ እንኳ የለም። ከዴም ማንሺያ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ጡብና የስልክ እንጨት ደርድረው የሚጠብቁ ወጣቶች ከሩቅ ያዩኝና «ዐዲ፣ ዐዲ» ብለው እለፍ ይሉኛል። በዚያ ዘመን ካርቱም ውስጥ ሐበሻን በትሕትና የሚያሳልፉ እነሱ ነበሩ፤ ፖሊስ ቢሆን ኢቃማህን አሳይ ይለኛል፣ ያልነበረኝን የመኖሪያ ወረቀት። ስደርስ ሬይሱ ብቻውን ጀልባው ላይ ተቀምጧል። ረዳቶቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀርተዋል። ፊቱ የጠቆረ ነበር። «ያላ፣ እኔው ላልብስህ» አለ።

ረዳቶቹ ልብሱን ጎትተው፣ ዚፑን ዘግተው፣ ጀርባዬን መታ አድርገው ይለቁኝ ነበር። ሬይሱ ግን እንደ እናት አለበሰኝ። የአንገቱ ጎማ እንዳይታጠፍ ሌባ ጣቱን በውስጥ እያስኬደ አስተካከለ፤ ከጉሮሮዬ ጀምሮ፣ በጆሮዬ ሥር አድርጎ፣ ወደ ማጅራቴ። ማጅራቴ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

«ይህ ምንድን ነው?»

ማተቤ ነበር። ክርስትና ስንነሳ አንገታችን ላይ የሚታሰረው ጥቁር ክር። ካርቱም የገባሁ ሰሞን አሮጌው ሳስቶ ስላየችው፣ እህቴ አዲስ አሰረችልኝ። ሠርቶ አደር ሰው ነው፣ ይጠፋበታል ብላ አሳጥራ፣ በጭንቅላቴ እንዳይወጣ አድርጋ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ደርባ ነው ያሰረችው። ስለዚህ አንገቴ ላይ እንጂ ደረቴ ላይ አይውልም። ጎማው ቆዳዬን መያዝ ሲገባው ክሩን ይዞ ኖሯል። በክሩ ጎን ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ጀርባዬን አርሶ፣ የቱታውን አየር እየበላ፣ እኔን እያከበደ ይሄድ ነበር። ላብ ያልነው አባይ ነው!

ሬይሱ በሳቅ ፈረሰ። «ይህን ሁሉ እርሳስ ያስለወጠኝ አንድ ክር ነው? ወላሂ፣ አንድ ክር!» እየሳቀ እግሩ ላይ የታሰረውን ቢላዋ መዘዘ። ለእሱ ክር ነው፤ ክር ደግሞ ይቆረጣል። እኔ ዘልዬ ራቅሁ።

«አይቆረጥም።»

«ምን ማለት ነው አይቆረጥም?»

«ሃይማኖቴ ነው፣ ያ ሬይስ። እኛ ዘንድ ማተቡን የበጠሰ ማለት እምነቱን የካደ ማለት ነው።»

«እኔ ካድ አልኩህ? ውሃ ግባ ነው ያልኩህ!» ሳቁ ጠፋ። በቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሞ ማደሩን፣ ረዳት ማጣቱን፣ ባለ ፓምፖቹ በየቀኑ እንደሚደውሉለት በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። «ለክር ብለህ ሥራ ትተዋለህ?»

«እተዋለሁ» አልኩት።

አፌ ነው ያለው። ካርቱምን ለቅቄ የደላላው መኪና ላይ ስወጣ፣ እህቴ ስትሸኘኝ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ግን ክሩ ሲቆረጥ ዝም ብዬ ቆሜ ማየት አልችልም ነበር። ባልቆርጠውም ያስቆረጥኩት እኔ እሆናለሁ። ተቆጥቼ ልብሱን ላወልቅ ተነሳሁ። አልወለቀም። ዚፑ ጀርባዬ ላይ ነው፤ እጄ አይደርስበትም። ተቆጥቶ ለመሄድ እንኳ የሌላ ሰው እጅ የሚፈልግ ልብስ ለብሼ፣ የራሴን ጭራ እንደሚያሳድድ ውሻ ጀልባው ላይ ዞርኩ።

ሬይሱ ጥቂት አየኝና መጣ። ዚፑን ከፈተልኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠና የግራ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰበሰበ። ከክርኑ በላይ፣ ጡንቻው ላይ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ታስሯል። ቆዳው ከዕድሜ ብዛት የተነሳ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

«ሕፃን ሆኜ አንገቴ ላይ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ነች ያሰረችው። መጥለቅ ስማር አስተማሪዬ እንደ እኔ ቢላዋ መዘዘ። እንደ አንተ ዘልዬ ሸሸሁ። አባቴ መጥቶ እዚህ አዛወረው።» ክታቡን በጣቱ መታ አደረገና «ክንድ ከአንገት በምን ያንሳል?» አለኝ።

ቄስ ብጠይቅ ምን ይለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን የሰውየው ክንድ ያን ክታብ ይዞ ስንት ውሃ እንደገባና እንደወጣ አየሁ። ልቤ ተቀበለው። «አይቆረጥም፣ ይፈታል» አልኩት። «ይፈታል» አለ።

መፍታቱ ቀላል አልሆነም፤ እህቴ የቋጠረችው ለዘላለም ነዋ። ሬይሱ የዓሣ መረብ ሲፈታ የኖረ ጥፍሩን አስገብቶ «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲላላ እጄን ዘረጋሁ፤ ክሩን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ክንዴ ላይ አዙሮ ሊያስርልኝ ሲል ቆመና «የምትሉት ነገር አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ስጨርስ ተመልሶ አሰረው። ይህን ሰውዬ ጠዋት ስረግመው እንደመጣሁ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ያን ቀን ከመጀመሪያው ቀን እርሳስ ተነሳን። ውሃው ዓይኔ ላይ ቆመ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ለሚመጣው መቅለል ብሎ ሬይሱ አንዲት ትንሽ እርሳስ ጨመረና ገመዱን አሲዞ ለቀቀኝ። ታች እንደ ሁልጊዜው ምንም አይታይም። አንገቴ ላይ ጎማው ጥብቅ ብሎ ይሰማኛል። ጀርባዬ ላይ ያ የሚያውቀኝ እርጥበት እስኪመጣ ጠበቅሁት። አልመጣም። ጠርሙሱ እያለቀ ሄደ። ገመዱ ሦስት ጊዜ ሲሳብ፣ ወደ ጨርቋ ውጣ ማለት ነውና ወጣሁ፤ በጣቴ ዳስሼ አገኘኋትና እጄን ለቀቅሁ።

ቆምኩ። አየር ስስብ ትንሽ ከፍ እላለሁ፣ ሳወጣ ትንሽ ዝቅ፤ ሌላ ምንም የለም። አንዴ እጄን ሰድጄ ጨርቋን ፈለግኋት፤ እዚያው ነበረች። ወይ ደስታ! በሕይወቴ እንደዚያ ያረፍኩበት ቦታ የለም። ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ ከፍ ዝቅ አልኩና ደንግጬ ዝም አልኩ። ስወጣ ሬይሱ እጁን በአንገቴ አስገብቶ ጀርባዬን ዳሰሰ። እጁን አውጥቶ አየው። ደረቅ ነው።

«ቡክራ ታዓል» አለኝ፤ ነገ ና ማለት ነው። «በጠዋት። ፓምፑ እየጠበቀን ነው።»

ይኸው ነው ያለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሪያድ ለማንሺያ ቅርብ ነው። እየሮጥኩ ሄጄ የእህቴን አሠሪዎች በር አንኳኳሁ። የግቢያቸው ዘበኛ ጠራልኝና ሽርጧን እንዳሸረጠች ወጣች። ገና አፌን ሳልከፍት ዓይኗ አንገቴ ላይ አረፈ። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ማተብህስ?»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«ሰለምክ? ለሥራ ብለህ ሰለምክ? አፈር ልብላ!»

እጅጌዬን ሰበሰብኩና አሳየኋት። ክሩን በጣቷ ነካካችው፣ የራሷ ክር መሆኑን አየች። «ማን ፈታው?» ሬይሱ አልኳት። «እስላሙ?» «ቢስሚላህ ብሎ ነው የፈታው» አልኩ። ልትቆጣ አስባ ሳቅ ቀደማት። ያን ጊዜ ሥራውን እንዳገኘሁ፣ ነገ ጠዋት እንደምጀምር፣ ሊቢያ እንደቀረ ነገርኳት። ሳቋ ቆመ። ዘበኛው የሚተኛበት የገመድ አልጋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሽርጧን ፊቷ ላይ ክንብንብ አደረገች። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ።

በመጨረሻ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። «በል፣ ገብቼ ለመዳም ልንገራት» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«እንደማልሄድ ነዋ።»

«የት ነው የማትሄጅው?»

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁ ሁሉ አየችኝ። «አንተ የምትሄድበት። ሥራ እለቃለሁ ብዬ ነግሬያት ሌላ ሠራተኛ ልታመጣ ነበር። እና ምን መስሎህ ነው? በረሃውንም ባሕሩንም ብቻህን እንድትሄድ ልለቅህ ኖሯል?»

ይህን ብላ ገባች። እኔ እሷ በተነሳችበት ቦታ ተቀመጥኩ። እህቴ ዋና አትችልም። ከጉልበቷ በላይ ውሃ ገብታ አታውቅም። ከግቢው ውስጥ «መዳም! ኸላስ፣ ማ ማሺያ!» እያለች፣ አልሄድም እያለች፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ ስትጣራ ይሰማኛል። ዘበኛው ዞሮ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ነው አልኩት።